ከገጽ ወደ መድረክ፦ የኢብሰን «የሕዝብ ጠላት» ለተማሪ የሚሰጠው ትምህርት



በትምህርት ቤት አንድ ታላቅ ተውኔት ለተማሪ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ እንደ መጽሐፍ ነው። ተማሪው ያነበዋል፤ የገጸ ባሕርያቱን ስም ያጠናል፤ «የድርሰቱ መልእክት ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅም በሁለት መስመር መልሶ ማርኩን ይቀበላል። በዚህ አኳኋን የተማረ ሰው ተውኔቱን ጨርሶ አያውቀውም ማለት አይደለም። ዳሩ ግን የሚያውቀው፣ የአንድን ሕንፃ ፕላን ብቻ ያየ ሰው ሕንፃውን የሚያውቀውን ያህል ነው። ፕላኑ ትክክል ነው፤ ልኩም አንድ ሳይቀር ተጽፎበታል፤ ይሁን እንጂ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃንና በደረጃው ላይ የሚሰማው የእግር ኮቴ በወረቀቱ ላይ የለም። ተውኔትም እንዲሁ የሚቆመው በሕያው ተዋናይና በሕያው ተመልካች መካከል ነው።

የዚህ ንግግር ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ተማሪ አንድን የቆየ ታላቅ ተውኔት ቁጭ ብሎ በመድረክ ሲመለከት ከመጽሐፉ ሊያገኘው የማይችለው ምን ይማራል? የሚል ነው። ጥያቄው በደፈናው ከተያዘ መልሱም ደፈና ስለሚሆን፣ አንድ ተውኔት ብቻ መርጦ መመርመር ይሻላል። የተመረጠውም የኖርዌዩ ጸሐፌ ተውኔት የሄንሪክ ኢብሰን «የሕዝብ ጠላት» ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ተውኔት ነገር የሚሽከረከረው በፍቅር ወይም በዙፋን ዙሪያ ሳይሆን በአንድ የውኃ ቧንቧ መስመር፣ በአንድ የላቦራቶሪ ውጤትና በአንድ የወጪ ግምት ዙሪያ ነው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ሥራው ከእነዚህ ከሦስቱ ከአንዱም ጋር ያልተገናኘ አባል ይገኛል ለማለት ያስቸግራል።

ኢብሰን ተውኔቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያሳተመው «መናፍስት» የተባለው ድርሰቱ ከፍተኛ ቁጣ ቀስቅሶበት ነበርና፣ ብዙኃኑ ሕዝብ በአንድ ሰው ላይ ሲነሣ ምን እንደሚመስል ከራሱ ኑሮ ያውቀዋል። ተውኔቱም በጥር ወር 1883 በክሪስቲያንያ፣ ማለትም በዛሬዪቱ ኦስሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ ታየ። ጊዜው የረቂቅ ሕዋሳት ሳይንስ ገና በጨቅላነቱ የነበረበት ነው። ጆን ስኖው የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም የለንደንን ኮሌራ ከአንድ የመንደር የውኃ ፓምፕ ጋር ያያያዘው በ1854 ነበር፤ ጀርመናዊው ካርል ኤበርት የታይፎይድን ተሕዋስ የገለጠው በ1880፣ ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ለዓለም ያስታወቀው ደግሞ ተውኔቱ በተጻፈበት በዚያው በ1882 ነው። ስለዚህም በዐይን የማይታይ ነገር ሰውን ሊገድል ይችላል የሚለው የተውኔቱ ባለታሪክ አነጋገር፣ ለዚያን ጊዜ ተመልካች ዛሬ እንደሚመስለው ተራ ዕውቀት አልነበረም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በአንዲት ትንሽ የኖርዌይ ከተማ ሰዎች ለጤናቸው እየመጡ የሚታጠቡበትና ውኃውን የሚጠጡበት ድርጅት ተቋቁሟል። ከተማይቱ በዚህ ድርጅት ተስፋዋን ጥላለች፤ የቤት ዋጋ ጨምሯል፤ ሥራ ፈት ቀንሷል። የድርጅቱ ሐኪም ዶክተር ቶማስ ስቶክማን ነው። የከተማይቱ ከንቲባና የድርጅቱ የበላይ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ፒተር ስቶክማን ነው። ባለፈው በጋ ከመጡት እንግዶች መካከል አንዳንዶቹ በታይፎይድና በሆድ ሕመም ስለ ተያዙ፣ ዶክተሩ የውኃውን ናሙና በምሥጢር ወደ ዩኒቨርሲቲ ልኮ ያስመረምራል። ውጤቱም ውኃው ከላይ ካለው ሸለቆ በሚወርደው የቆዳ ፋብሪካ ቆሻሻ የተበከለ መሆኑን ያረጋግጣል። ስሕተቱ የቧንቧ ሥራ ስሕተት ነው። ውኃው የተጠለፈው እጅግ ዝቅ ካለ ሥፍራ ስለሆነ መጥለፊያው ወደ ላይ መነሣት፣ ቧንቧውም እንደገና መዘርጋት አለበት። ከንቲባው ግምቱን ያስጠናል፤ ወጪው በመቶ ሺህ በሚቈጠር ክሮነር፣ ጊዜውም ቢያንስ ሁለት ዓመት እንደሚሆን ያስታውቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ ይዘጋል፤ ጎረቤት ከተሞችም ገበያውን ይወስዱታል።

ይህን ታሪክ በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ ፍርዱን ለመስጠት አይቸገርም። ዶክተሩ እውነተኛ፣ ከንቲባው ሐሰተኛ፣ ጋዜጠኛው ከዳተኛ፣ ሕዝቡም የተታለለ ነው ብሎ ይጽፋል። መልሱ ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ መልስ ተማሪውን ከፍርድ ወንበር ላይ አስቀምጦ ይተወዋል። መድረኩ ከዚያ ወንበር ያነሣዋል። የሚያነሣውም በአራት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት የጊዜ ትምህርት ነው። አንባቢ በገጹ ላይ ጌታ ነው፤ ሲሻው ይቆማል፣ ሲሻው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሲደክመው መጽሐፉን ይዘጋል። ተመልካች ግን ይህ ሥልጣን የለውም። መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ ነገሩ ማንንም ሳይጠብቅ ይሄዳል። ለዚህ ሦስተኛውን ገቢር ማየት ይበቃል። ቦታው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ነው። የጋዜጣው አዘጋጅ ሆቭስታድና የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አስላክሰን የዶክተሩን ጽሑፍ ለማተም ቃል ገብተዋል። አስላክሰን የቤት ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ነውና የአብላጫው ሕዝብ ድጋፍ በእጁ ነው። በዚህ መካከል ከንቲባው በጓሮ በር ይገባል፤ ስለ ሳይንስም ብዙ አይከራከርም። ወጪውን የሚሸከመው ከተማው ራሱ እንደሚሆን ብቻ ይናገራል። ይህን የሰማው አስላክሰን እውነት መሆኑን ደግሞ ይጠይቃል። በመጽሐፉ ላይ ይህ ሁሉ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ አንባቢም «አድር ባይ!» ብሎ ያልፈዋል። በመድረክ ላይ ግን አንድ ሰው ቆሞ በልቡ ሲያሰላ ይታያል። ቤቱን፣ ግብሩን፣ ልጆቹን፣ ዕዳውን ሲያሰላ ፊቱ ይለወጣል። ተመልካቹም ይህን ፊት ቀድሞ የት እንዳየው ለማስታወስ ይገደዳል፤ ያየውም ምናልባት በራሱ መሥሪያ ቤት፣ ምናልባትም በመስታወት ውስጥ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዚሁ ገቢር ክፍል ደግሞ በንባብ ፈጽሞ የማይገኝ ነገር አለው። ዶክተሩ ሲመጣ ከንቲባው ወደ ሌላ ክፍል ይሸሸጋል፤ ነገር ግን የማዕርግ ባርኔጣውንና ምርኩዙን ረስቶ ይሄዳል። ዶክተሩ ያገኛቸውና ባርኔጣውን ጭኖ፣ ምርኩዙን ይዞ እየተንጎራደደ በወንድሙ ሥልጣን ይሳለቃል። አዳራሹ ይሥቃል፤ ሊሥቅም ይገባዋል፣ ትዕይንቱ አሥቂኝ ነውና። ሆኖም ሣቁ ገና ሳይበርድ፣ አዘጋጁና ባለማተሚያ ቤቱ ከዶክተሩ ጎን አለመሆናቸው ይገለጣል። ባርኔጣው ከራሱ ላይ ይወርዳል። ተመልካቹ አብሮ ሲሥቅ ሳለ ነገሩ አስቀድሞ አልቆ ነበር። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ተረት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ተማሪ፣ በዚያች ቅጽበት ተረቱ በራሱ ላይ ሲፈጸም ያያል።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው ከአራተኛው ገቢር ነው። ጽሑፉን የሚያትምለትና አዳራሽ የሚያከራየው ያጣው ዶክተር፣ ካፒቴን ሆርስተር በተባለ የመርከብ አዛዥ ቤት የከተማውን ሕዝብ ይሰበስባል። ስብሰባው ግን ከእጁ ይወጣል። በመጀመሪያ ሊቀ መንበር ይመረጥ ይባላል፤ የተመረጠውም አስላክሰን ነው። ቀጥሎም ዶክተሩ ስለ መታጠቢያው ውኃ እንዳይናገር ሐሳብ ቀርቦ ድጋፍ ያገኛል። ሁሉም ነገር በሥርዓት ነው። ደወል ይደወላል፣ ተራ ይጠበቃል፣ ድምፅ ይሰጣል። በመጨረሻም ዶክተሩ የሕዝብ ጠላት ነው የሚለው ውሳኔ በሰማያዊና በነጭ ወረቀት ድምፅ ተሰጥቶበት ይጸድቃል፤ የተቃወመው አንድ ሰካራም ብቻ ነው።

በዚህ ገቢር ኢብሰን በሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ ከሻማውና ከደወሉ ጋር ውኃ የያዘ ጠርሙስና ብርጭቆ አስቀምጧል። አንባቢ ይህን በገቢሩ መግቢያ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር አንብቦ ይረሳዋል። ተመልካች ግን ሊረሳው አይችልም። ስለ ውኃ መናገር የተከለከለበት ስብሰባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ የውኃ ብርጭቆ ፊት ይካሄዳል። ማንም አያመለክተውም፤ ማንም አይናገርለትም። እርሱ ግን በዚያ ተቀምጧል።

ከዚህም በላይ የገቢሩ አቀማመጥ ተመልካቹን ራሱን ይይዘዋል። ሕዝቡ በመድረኩ ላይ ተሰብስቦ ተናጋሪውን ያዳምጣል፤ ከመድረኩ በታች ያለውም ሕዝብ ተሰብስቦ ያንኑ ተናጋሪ ያዳምጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትኬት መግዛት ብቻ ይሆናል። ጀርመናዊው አዘጋጅ ቶማስ ኦስተርማየር እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረበው ዝግጅት ይህን ወደ ዳር አድርሶታል። በዚህ ትዕይንት ላይ የአዳራሹ መብራት እንዲበራና ተመልካቹ ራሱ ተነሥቶ እንዲናገር ያደርጋል። ዝግጅቱ በብዙ አገሮች ሲዞር፣ ተመልካቾች ከተውኔቱ ውኃ ተነሥተው ስለ የራሳቸው ከተማ መናገር ጀምረዋል።

ተመልካች የተውኔትን ትርጉም ምን ያህል እንደሚሞላው የሚያስረዳ ሌላ የቆየ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1901 የሞስኮ አርት ቴአትር ይህንኑ ተውኔት በሴንት ፒተርስበርግ አሳየ፤ ዶክተሩን የተጫወተው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ነበር። በዚያው ቀን በከተማይቱ በካዛን አደባባይ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች በኃይል ተበትነው ነበር። በአምስተኛው ገቢር ዶክተሩ በስብሰባው ግርግር የተቀደደ ሱሪውን አይቶ፣ ለነጻነትና ለእውነት ለመታገል የሚወጣ ሰው አዲስ ልብስ መልበስ እንደሌለበት ይናገራል። ንግግሩ የቀልድ ንግግር ነው። በዚያ ምሽት ግን አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ትዕይንቱ ተቋረጠ፤ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ወደ መድረኩ ሮጡ። የተውኔቱ ቃል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰሚው ቀን ነው። ተማሪ ይህን ሲረዳ፣ የቆየ ድርሰት ለምን እንዳልሞተ መምህሩ ሊነግረው አያስፈልግም።

ሦስተኛው ትምህርት ይበልጥ መራራ ነው። እርሱም እውነት የያዘ ሰው ሊሳሳት የሚችል መሆኑ ነው። ዶክተር ስቶክማን ስለ ውኃው ፍጹም ትክክል ነው። ነገር ግን ስለ ውኃው እንዳይናገር በተከለከለ ጊዜ፣ ስለ ሌላ ነገር ይናገራል። አብላጫው ሕዝብ ምንጊዜም ስሕተተኛ ነው ይላል፤ ሰዎችን በዘር ከተመረጡና ካልተመረጡ ውሾች ጋር እያነጻጸረ የፊቱን ሕዝብ ይሰድባል። ይኸው ሰው በሁለተኛው ገቢር አብላጫው ሕዝብ ከኋላዬ ተሰልፏል ብሎ እጁን እያፋተገ ሲደሰት ነበር። በመጽሐፉ ላይ በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ብዙ ገጾች ስላሉ አንባቢ ላያገናኛቸው ይችላል። በአዳራሹ ውስጥ ግን በመካከላቸው ያለው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ አፉም ያው አፍ፣ ድምፁም ያው ድምፅ ነው። ሲወደው የቆየው ተመልካች በወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ይጀምራል። የሚወደው ሰው ራሱን ሲጎዳ እያየ ሊያስቆመው አይችልም።

የሙያ ተማሪ ከዚህ የሚማረው በማንኛውም የቀመር መጽሐፍ ውስጥ የለም። ትክክለኛ ውጤት ማግኘት አንድ ሥራ ነው፤ ውጤቱን ለሚመለከተው ሰው ማድረስ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዶክተሩ ምርመራውን በምሥጢር አካሄደ። ውጤቱ በእጁ ሲገባ ከተማው እንደሚያመሰግነው እንጂ ቤቱ በዕዳ የተያዘበት ሰው ምን እንደሚሰማው አላሰበም። ድርጅቱ ሁለት ዓመት ቢዘጋ ሠራተኛው በምን ይኖራል? ወጪውስ ለማን እንዴት ይከፋፈላል? ለሚለው ጥያቄ ዝግጁ መልስ አልነበረውም። ይህ ጉድለት ከንቲባውን ንጹሕ አያደርገውም። ከንቲባው በሽታውን ዐውቆ ሸሽጓልና በደሉ ከባድ ነው። ነገር ግን ተማሪው ክፉውን ከመኮነን አልፎ፣ ደጉ ሰው በምን በኩል እንደ ተሸነፈ ማየት አለበት። መድረኩ ይህን ሳይሰብክ ያሳያል።

አራተኛው ትምህርት የዝምተኞች ትምህርት ነው። በወረቀት ላይ የማይናገር ገጸ ባሕርይ የለም ማለት ይቻላል፤ በመድረክ ላይ ግን የማይናገር ሰው ቆሞ ይታያል። ካፒቴን ሆርስተር ጥቂት ነው የሚናገረው። ነገር ግን ስብሰባው በሙሉ የሚካሄደው በእርሱ ቤት፣ እርሱ በቆመበት ነው፤ ዋጋውንም ይከፍላል፣ ከመርከብ አዛዥነቱ ይባረራል። የዶክተሩ ሚስት ካትሪን መጀመሪያ ላይ ስለ ልጆቿ እያሰበች ባሏን ትለምናለች፤ በሦስተኛው ገቢር ፍጻሜ ግን ሁሉም በከዱት ሰዓት ከጎኑ ትቆማለች። ልጁ ፔትራ ከመምህርነቷ ትሰናበታለች። አምስተኛው ገቢር ሲከፈት የቤቱ መስኮቶች ተሰባብረዋል፤ ዶክተሩም ወደ ውስጥ የተወረወሩትን ድንጋዮች እየለቀመ ጠረጴዛ ላይ ይከምራል። «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» የሚለው አነጋገር ቀላል ይመስላል፤ በመድረኩ ላይ ግን ከመሸበት የሚያድረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሚስት አለች፤ ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆችም አሉ። የቤቱም ባለቤት ልቀቁልኝ ብሏል።

በዚህ ላይ የመጨረሻው ፈተና ይጨመራል። የካትሪን አሳዳጊና የቆዳ ፋብሪካው ባለቤት የሆነው አዛውንት ሞርተን ኪል፣ ለእርስዋና ለልጆቹ ሊያወርስ ባስቀመጠው ገንዘብ የመታጠቢያውን አክሲዮን በርካሽ ገዝቶ ይመጣል። ዶክተሩ በቃሉ ከጸና አክሲዮኑ ዋጋ ያጣል፣ ሚስቱና ልጆቹም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፤ ቃሉን ካጠፈ ሀብታም ይሆናሉ። ዶክተሩ ይወላውላል። በመጽሐፉ ላይ ይህ መወላወል ጥቂት መስመር ነው። ጥሩ ተዋናይ ሲጫወተው ግን የዝምታው ርዝመት ያስጨንቃል፤ አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ በኋላ ዶክተሩ በአንዲት ካርድ ላይ «አይሆንም» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፎ ይልካል። ተማሪ «ሕሊና» የሚባለውን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቶ ይሆናል፤ ሕሊና ጊዜ እንደሚፈጅ ግን እዚህ ላይ ያያል።

ተውኔቱ የሚያልቀው በታወቀ ንግግር ነው። ዶክተሩ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበረታው ብቻውን የሚቆም ሰው መሆኑን እንደ አዲስ ግኝት ያስታውቃል። ይህ ንግግር በመጽሐፍ ሲነበብ እንደ ተውኔቱ መደምደሚያ ይቈጠራል፤ በፈተና ወረቀት ላይም ብዙ ጊዜ ይጻፋል። በመድረክ ላይ ግን ዐይን ጆሮን ይቃወማል። ዶክተሩ ብቻዬን ነኝ ሲል ቤተ ሰቡን በዙሪያው ሰብስቦ ነው። ሚስቱ ፈገግ ብላ ራስዋን ትነቀንቃለች፤ ልጁ እጆቹን ጨብጣ ትይዛለች፤ ቤት ላጡት መጠጊያ የሰጣቸውም ያው ካፒቴን ነው። አንደበቱ ብቻውን ነኝ ይላል፤ መድረኩ ግን ብቻውን እንዳልሆነ ይመሰክራል። ምናልባት የዚህ ተውኔት ትልቁ ምሥጢር ይህ ነው፤ ይህንንም ማግኘት የሚችለው ሰዎቹ የት እንደቆሙ ያየ ተመልካች ነው።

ይህ ነገር ከልብ ወለድ ዓለም ውጭም ተፈትኗል። በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት የምትገኘው የፍሊንት ከተማ፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 የመጠጥ ውኃዋን ከዲትሮይት የውኃ አገልግሎት ወደ ፍሊንት ወንዝ ለወጠች። የወንዙ ውኃ ቧንቧ የመብላት ባሕርይ ነበረው፤ ይህንንም የሚከላከለው ኬሚካል አልተጨመረበትም። በዚህ የተነሣ ከአሮጌዎቹ ቧንቧዎች እርሳስ ወደ ውኃው ገባ። ነዋሪዎች ስለ ቀለሙና ስለ ሽታው ሲጮኹ ውኃው ደኅና ነው ተባሉ። በ2015 የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከነዋሪዎች ጋር ሆነው የቤቶችን ውኃ መረመሩ፤ የከተማይቱ የሕፃናት ሐኪምም በልጆች ደም ውስጥ የእርሳስ መጠን መጨመሩን አሳየች። በጥቅምት ወር ከተማይቱ ወደ ቀድሞው ውኃ ተመለሰች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ የኢብሰን ተውኔት ለዚያ ሁኔታ ተስተካክሎ በዚያችው ከተማ ለነዋሪዎቹ ታየ። ከኢብሰን ታሪክ የሚለየው ግን አንድ ነገር ነው። በፍሊንት እውነቱ የወጣው በአንድ ብቸኛ ጀግና አይደለም። እናቶች ጠርሙስ ይዘው ናሙና ቀዱ፤ መሐንዲሶች መረመሩ፤ ሐኪም አረጋገጠች። ብቻውን ያልቆመው ሰው በረታ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ፊልም እያለ ተማሪን ወደ ቴአትር ቤት መውሰድ ለምን ያስፈልጋል? የሚል ነው። በእርግጥ ሕንዳዊው ሳትያጂት ራይ ይህንኑ ታሪክ ወደ ቤንጋል አምጥቶ፣ ውኃውን የመቅደስ ውኃ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1989 መልካም ፊልም ሠርቶበታል። ይሁን እንጂ በፊልም ወዴት መታየት እንዳለበት የሚመርጠው ካሜራው ነው። በአዳራሽ ውስጥ ግን የሚመርጠው ተመልካቹ ነው። ተናጋሪውን ማየት ይችላል፤ የሚስቱን ፊት ወይም የውኃውን ብርጭቆ ማየትም ይችላል። ይህ ምርጫ ራሱ ትምህርት ነው፤ በሥራ ላይ ያለ መሐንዲስም በአንድ ስብሰባ ውስጥ ወዴት ማየት እንዳለበት ካሜራ አይመርጥለትምና።

ለኢትዮጵያ ተማሪ ይህ ዓይነቱ ትምህርት እንግዳ ሊሆን አይገባም። የአማርኛ ዘመናዊ ተውኔት ገና ሲወለድ፣ በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እጅ፣ የባለ ሥልጣናትን ብልሹ አሠራር በአውሬዎች ተረት የሚነቅፍ ሆኖ ነው የተወለደው። የሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውም በ1948 ዓ.ም. በሩን ከፍቷል። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ኦቴሎ»ን፣ «ሃምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መልሰው፣ የሩቅ አገር ተውኔት በአገር ቋንቋ ምን ያህል ሊያስተጋባ እንደሚችል አሳይተዋል። እንግዲህ መንገዱ የተጠረገ ነው።

የሚቀረው ሥራ ላይ ማዋሉ ነው። የምህንድስናና የሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎቻቸውን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቴአትር ቤት ቢወስዱ ወጪው ከአንድ ቀን የመስክ ጉብኝት አይበልጥም። ተስማሚ ዝግጅት በማይገኝበት ጊዜም ተማሪዎቹ ራሳቸው የ«የሕዝብ ጠላት»ን አራተኛ ገቢር በመማሪያ ክፍላቸው ማቅረብ ይችላሉ። የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ደወል፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና በቂ ወንበር ብቻ ነው። አንዱ ተማሪ ከንቲባውን ሆኖ የወጪ ግምቱን ይዞ ይምጣ፤ አንዱ ባለንብረቱን ሆኖ ዕዳውን ይቁጠር። ከዚያም በማግስቱ እያንዳንዱ ተማሪ፣ ዶክተሩ በዚያ ስብሰባ ላይ ሊያነበው ይገባ የነበረውን ዘገባ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ስለ ውኃው ብቻ፣ ሳይሳደብ፣ ለቤት ባለቤቱም ለሠራተኛውም በሚገባ ቋንቋ፣ ድርጅቱ በተዘጋ ጊዜ ስለሚደረገው ጭምር ይጻፍ። ይህን አንድ ገጽ አሳምሮ መጻፍ የቻለ ተማሪ፣ ለሙያው ከብዙ ቀመር የማይተናነስ ስንቅ ይዟል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ተረቱ ለብዙ ነገር ይሠራል። ለተበከለ ውኃ፣ ለተሰነጠቀ ምሰሶ፣ ለተበላሸ ሽቦ ግን ብቻውን አይበቃም። እውነቱ እስኪጠራ ድረስ ባለው ሌሊት ውስጥ ሰው ውኃውን ይጠጣል፤ ልጅም ከምሰሶው ሥር ይተኛል። የሙያ ሰው ሥራ ያን ሌሊት ማሳጠር ነው። ይህን ለማድረግ ዕውቀት ያስፈልገዋል፤ ዕውቀቱንም ከመጽሐፍና ከላቦራቶሪ ያገኘዋል። ነገር ግን እውነት በሰዎች መካከል እንዴት እንደምትሄድ፣ በየትኛው ፊት ላይ እንደምትደናቀፍ፣ ማንስ እጁን ሰጥቶ እንደሚያነሣት ለማየት፣ ተማሪው አንድ ምሽት በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ ይኖርበታል።